ሣህሊቱ ማሽኑን ከማስደምሰሷ በፊት

በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ ለስደተኞች የጠፋ ዘመድ የሚያፈላልግ ቢሮ ነው፤ በማሽኑ የምትሠራውም ሣህሊቱ ነበረች። ጎንደር ሳለች የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ነበረች። ደርግን ሸሽታ በመተማ በኩል በእግሯ ወጣች። ኮምፒውተር ማንም አላስተማራትም፤ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታች ለብቻዋ ተወጣችው።

የቢሮው ጥገና ሠራተኛ ያዕቁብ እዚያው ገዳሪፍ ያደገ፣ እጁ የሰላ፣ ትዕግሥት ግን ያልፈጠረበት ሰው ነው። ማሽኑ ቫይረስ ገብቶበት በየአሥር ደቂቃው ድርቅ ማለት ሲጀምር፣ ከካርቱም አዲስ የሲስተም ዲስኬቶች ይዞ መጣ። ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ደምስሶ፣ ሲስተሙን እንደ አዲስ ሊጭን ነው። ማሽኑ «ሁሉም ይጠፋል፤ ልቀጥል?» ብሎ ሲጠይቅ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር።

«ቆይ ያዕቁብ፤ መጀመሪያ የስም መዝገቡ ቅጂ መነበቡን እንይ» አለች ሣህሊቱ።

«እትዬ ሣህሊቱ፣ ቅጂ አለ ብለሽኝ የለም እንዴ? ኸላስ፣ በቃ፣ እንጨርሰው።»

እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። ቢሞክሩት ቅጂው አልከፈት አለ። ለካስ ዲስኬቶቹን ሐሩሩ እንዳያበላሽባት ብላ ያስቀመጠቻቸው ከመጠጥ ውሃው ጋን፣ ከዚሩ ሥር ኖሯል፤ ከሸክላው የሚወጣው እርጥበት አሻግቷቸዋል። የወረቀቱን መዝገብ ደግሞ ምስጥ ከበላው ቆይቷል። ያዕቁብ ቁልፉን ተጭኖት ቢሆን ኖሮ፣ ዘመድ የሚፈልጋቸው የሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች ዱካ በእሱ ጣት ሊጠፋ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አንተ ማሽኑን እያስነሣህ ስሞቹን አንብብልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እንዲያ ሠሩ። ማሽኑ ይነሣል፣ ጥቂት ስም ያሳያል፣ ይደርቃል። ያዕቁብ ይሳደባል፤ እሷ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። እንዲህ ያለ ታጋሽ ሰው አይቶ አያውቅም፤ በችኮላውም አፈረ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛውን ስም ጽፈው እንደ ጨረሱ ማሽኑ ጭራሽ አልነሣ አለ።

«አንድ ሰው ቀረብን» አለ ያዕቁብ።

«ግድ የለም፤ እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። አሁን ደምስሰው።»

ደመሰሰው። ሲስተሙን ከአዲሶቹ ዲስኬቶች ጫነ፤ ማሽኑ እንደ ሰው ልብ ገዝቶ ተነሣ። ሣህሊቱ ስሞቹን አንድ በአንድ መልሳ አስገባች። የመጨረሻውን ስትጽፍ ያዕቁብ ከኋላዋ ቆሞ አነበበ፦ ካሣ፤ መተማ መንገድ ላይ የተለየ፤ ፈላጊ፣ እህቱ ሣህሊቱ።

ሦስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ወንድም እንደጠፋት ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

«እዚህ ቢሮ መጀመሪያ የመጣሽው አንቺ አይደለሽም ወይ? ስሙ ለምን ከሁሉ በታች ሆነ?»

«አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ዝቅ አደርገዋለሁ» አለች። «ሰው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጥሁት እኔ የራሴን ላስቀድም?»