በግራና የለበስኩት ጥቁር

ወልድያን ጥለን ስንሸሽ ነጠላዬን መንገድ ላይ ለወለደች ሴት አልብሻት ነበር። ግራና አጠገብ አንዲት ሙስሊም እናት ቤቷን ከፍታ ስታስገባኝ ራሴ ላይ የቀረችው ቁራጭ ሻሽ ብቻ ናት። ሹፌሩ ልጄ ጦርነቱ ሲመጣ መንገድ ላይ ነበር። ስልክ የለም፤ አለ የሚል የለም፣ ሞተ የሚልም የለም።

በዚያ መንደር ሴት አንገቷን ሳትሸፍን ደጅ አትወጣም። የሰው እንጀራ እየበላሁ ወጋቸውን ብንቅ ፍርደ ገምድል መሆኔ ነው። ይህን ሳስብ ሴትዮዋ ከሣጥኗ ሰፊ የራስ መሸፈኛ አወጣች። ጥቁር!

«እማማ፣ ይችን ያድርጉ። ለዒድ የገዛኋት ናት፤ ወላሂ አንድ ቀን ነው ያደረግኳት።»

በእኛ ዘንድ እናት ጥቁር የምትለብሰው ልጇን ስትቀብር ነው። ብለብሰው ልጄን በቁሙ መቅበሬ ነው፤ ብመልሰው ደግሞ ካላት ሁሉ የተሻለውን የሰጠችኝን ሴት ማዋረዴ ነው። የቱ ነው ፍርዱ? ለበስኩት።

በማግስቱ ገበያ ይዛኝ ወጣች። እንደ እኔ የተሰደደች የወልድያ ጎረቤቴ ከሩቅ አየችኝና ዘንቢሏን ጥላ ደረቷን መታች።

«ወይኔ ልጄን! መቼ ተቀበረ? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ማንም አልሞተም!»

«ታዲያ ለምን ጥቁር ለበስሽ?»

«ለወግ ነው!»

«የማን ወግ?»

ወደ ሴትዮዋ አመለከትኩ። ጎረቤቴ አዘነችላት። «እርስዎስ ማን ሞቶብዎት ነው?»

«አስተግፊሩላህ! እኔ ስላማረኝ ነው የገዛሁት!»

የአገሬ ሴቶች ግን ከበውን ማልቀስ ጀምረዋል። «አልሞተም» እያልኩ ስጮህ ከየት አውቄ እንደምጮህ ለራሴም ጠፋኝ። የማላውቀውን ነው የምምለው። መጨረሻ ላይ እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ይኸው እንዳላመኑኝ ቀሩ።

ቤት እንደገባን ሴትዮዋ ራሷ ያደረገችውን አረንጓዴ መሸፈኛ ሰጥታኝ ጥቁሩን ወደ ሣጥኗ መለሰች። ወሬው ግን አልተመለሰም፤ ከአፍ ወደ አፍ ከተማዋን ውርጌሳን አልፎ ሄደ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጄ በእግሩ፣ አቧራ ለብሶ፣ ከስቶ ግራና ደረሰ። እናትህ ጥቁር ለብሳ ታየች ብለውት ነው የመጣው። ሳይስመኝ በፊት ቤቱን ዞሮ አየና ጠየቀኝ።

«እማዬ፣ ማን ሞተብን?»



«አንተ» አልኩት።