ላስቲኩ ያልተላጠ ታብሌት

ታብሌት እኛ ኮሌጅ የቁም ሳጥን ጌጥ ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህር እንዲሆኑ የምናሠለጥናቸው ልጆች ሳይንስ ማስተማር እንዲለማመዱበት ተብሎ መጣ፤ የክፍላችን ኃላፊ ከነላስቲኩ ቆለፈበት። ቁልፉን በጠየቅሁት ቁጥር «ቢጫርስ ማን ሊጠየቅ ነው?» ይለኛል። በስንት ልመና አንድ ቀን አንዱን አውጥቶ ከሩቅ አሳያቸው። ታቦት ይመስል ማንም አልነካውም።

ከዚያ ወዲያ ያደረገው ነገር ግን አንጀቴን አሳረረው። የታብሌቱን ፊት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣለና «መጀመሪያ አረንጓዴውን ንኩ፤ ቀጥሎ ሥዕሉን ንኩ፤ ልብ ሲመታ ይታያል» እያለ በቃል አስጠናቸው። ፈተናውም በወረቀት ሆነ። ወላጆቿ ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያመርቱ አንዲት ሠልጣኝ «መምህር፣ ይኸ እኮ ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብላ አሳቀችን። ኋላ ብቻዬን ስታገኘኝ ግን አልሳቀችም።

«እኔም ልጅ ሁኜ ስለ ልብ በቃል ሸምድጄ ነው ያለፍሁት። ምን እንደሚመስል ዛሬም አላውቅ። የሰው ልጆችን እንደኔ ላደርግ አልሻም» አለችኝ።

ልጅቱ ስታስተምር የምትገመገምበት ቀን ደረሰ። የምታስተምረው ከወረታ ከተማ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ገምጋሚዎቹ ኃላፊውና እኔ ነን። ጭቃው ባጃጁን ስለያዘው የቀረውን በእግራችን ሄድን። ኃላፊው ክፍሉ በር ላይ ሲደርስ ታብሌቱን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። ላስቲኩ አልተላጠም። ብትጫነው፣ ደግማ ብትጫነው፣ አልበራም። ለካ ከመጣ ጀምሮ ቻርጅ ያደረገው ሰው የለም! ትምህርት ቤቱ ደግሞ መብራት የለውም። ግራ ገብቷት ወደ ኃላፊው ዞር ስትል፣ በእጁ «ቀጥይ» አላት።

ምን ታድርግ? ጥቁሩን መስታወት ወደ ልጆቹ አዙራ የሸመደደችውን ጀመረች።

«አረንጓዴውን ንኩ።»

«አረንጓዴውን ንኩ!» አለ ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

«ልብ ሲመታ ይታያል።»

«ልብ ሲመታ ይታያል!»

ፊት የተቀመጠች ተማሪ አንገቷን አስግጋ አየችና «ቲቸር፣ የታል?» ብላ ጠየቀች። ሠልጣኟ የሸመደደችውን ቀጠለች። ኃላፊው በደስታ ራሱን ይነቀንቃል። ብዙ የማይረባ ትምህርት አይቻለሁ፤ ይኸኛው ግን ልጆችን እያታለሉ ማስጮህ ነበር፤ አስጠላኝ።

«አንዲት ቃል አልሳተችም እኮ!» አለ ኃላፊው ስንወጣ፣ ሙሉ ነጥብ እየሰጣት። እኔም ነጥቤን እንድሞላ ወረቀቱን አቀብሎኝ ባጃጅ ፍለጋ ወደ መንገዱ ወረደ።

እሷ ተከትላኝ መጣች።

«መምህር፣ እባክዎ እርስዎ ይጣሉኝ» አለችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ካለፍሁማ እንዲሁ ሳስተምር መኖሬ ነው።»