ያጠፋሁት ጠባሳ

ይህን ለንስሐ አባቴም ለባለቤቴም ተናግሬው አላውቅም። ሰዎቹ እነዚህ ናቸው። ወይዘሮ አስካለ፣ መቂ ሽንኩርት የሚነግዱ እናት። ታምራት፣ ሶደሬ ሊዋኝ ወርዶ አዋሽ የወሰደው ልጃቸው። ትርሲት፣ አዳማ ባለው ፎቶ ቤቴ አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጄ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ በደለኛው።

ፎቶ ማስተካከል ያስተማረኝ የለም። ኮምፒውተር ገዝቼ፣ ቁልፎቹን እየነካካሁ ራሴን አስተማርኩ። በዚህም ኮራሁ። ማውስ ይዞ ሜኑ ለሜኑ የሚንከራተት ሰው የደንበኛ ጊዜ ይሰርቃል እያልኩ ትርሲትን እገሥጻት ነበር። ጄ ፊደልን ስነካ ጉድፍ ማጥፊያው ይመጣል። ኮንትሮል ኢ ፎቶው ላይ የተደራረበውን ሥራ አንድ ያደርጋል። ኮንትሮል ኤስ ሥራውን ያስቀምጣል። መብራት ስለማይታመን ጣቴ ኮንትሮል ኤስን ሳላዘው መጫን ለምዷል። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬም ፎቶውን ከደንበኛው ሚሞሪ ካርድ ሳላወጣ እዚያው እከፍተዋለሁ።

"አባዬ፣ መጀመሪያ ኮፒ አድርገው እንጂ" ትለኝ ነበር ትርሲት።

"ኮፒ የሚያደርግ እጁን የማያምን ነው" እላታለሁ።

ወይዘሮ አስካለ ለአርባው የሚሰቀል ፎቶ ፈልገው ካርዱን አመጡ። ታምራት ካደገ በኋላ የተነሣው ከዚያ በቀር አልነበረም፤ ሌላው ከስልኩ ጋር ውኃ ገብቷል። ለሟች እንደምናደርገው ኮትና ከረባት አለበስኩት። ፊቱን አጠራሁት። ከቅንድቡ በላይ ጠባሳ ነበረው፤ ጄ ነክቼ አጠፋሁት። አጥፋ ያለኝ ማን ነው? ማንም። ኮንትሮል ኢ ነካሁ። ኮንትሮል ኤስ ነካሁ። ወዲያው መብራት ሄደ። ሥራዬ ስላልጠፋ ደስ አለኝ።

መብራት ተመልሶ ፎቶውን እንደገና ስከፍተው እናቱ አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ሙሽራ የማን ነው?" አሉኝ።

ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩ።

"የኔ ልጅ እዚህ ጋ ጠባሳ አለው። ሽንኩርት ሲጭን የአይሱዙ በር መቶት፣ ደሙን በነጠላዬ ያሰርኩት እኔው ነኝ። ይመልሱልኝ።"

የተሠራውን ወደ ኋላ የሚመልሰውን ኮንትሮል ዜድ ነካሁ። ደጋግሜ ነካሁ። ተዘግቶ የተከፈተ ፎቶ ነበርና የሚመለስ ነገር አልነበረም። የነበረው ፎቶ ላይ የኔው ሥራ ተቀምጦበታል።

"ይቺ ልጅ ናት" አልኩ ወደ ትርሲት እየጠቆምኩ። "መጀመሪያ ኮፒ አድርጊ እያልኩ ስንቴ ነገርኳት!"

እኔ ነኝ ያልኩት። የገዛ ቃሏን ወስጄ በእሷው ላይ መሰከርኩ። በሐሰት አትመስክሪ እያልኩ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። ትርሲት አየችኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ "ይቅርታ፣ እትዬ" አለች።

"እጅሽ ይሰበር አልልሽም፤ አንቺም የሰው ልጅ ነሽ" አሏት። በጣታቸው ስክሪኑ ላይ እያሳዩ "ከዚህ እስከዚህ ነው" ሲሏት ትርሲት ጠባሳውን ልትሥለው ሞከረች። ጥቂት አይተው "ተይው ልጄ፣ እሱ አይደለም" አሉና ካርዳቸውን ይዘው ሄዱ።

ምን ተሰማኝ? ምንም። ቀጣዩን ደንበኛ ጠራሁ። ያኔ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? አንዲት እናት ይቀየሙኝ ነበር። በቃ። መብራት ነው፣ ልማድ ነው፣ መደንገጥ ነው ልበል? ጠባሳውን ያጠፋው ልማድ ይሆናል። ልጄን የከሰሰው ግን ጣቴ አይደለም።

የተከፈለው ይኸው። ወይዘሮ አስካለ የልጃቸውን አርባ ያለ ፎቶ አወጡ። ትርሲት ሥራውን ትታ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ገባች፤ በፎቶ ቤቶች ግን እስከዛሬ "የሟች ፎቶ ያበላሸችው" ትባላለች፤ ስትደውልልኝም እንደ እንግዳ "ደህና ነዎት?" ትለኛለች። እኔ ፎቶ ቤቴ ክፍት ነው። "ጋሼ ጥንቁቅ ነው፣ ኮፒ ሳያደርግ አይነካም" ይሉኛል። ከሁሉ ያነሰውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።