ቼኩ ጀርባ ላይ የፈረምኩት

ጋሼ ጌታነህ ሦስት መቶ ዶላር በላኝ። አላስፈራራኝም፣ ኪሴም ውስጥ እጁን አልከተተም። ራሴ ፈርሜ ሰጠሁት፤ ምን ላይ እንደምፈርም ግን አልነገረኝም። ማንበብ እንደማልችል ስለሚያውቅ ነው የበላኝ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፣ ዛሬ ስጽፍ ግን አልልም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ግሪን ቫሊ ካለው ቤቴ ፖስታ ሳጥን ያወጣሁት ወረቀት ነው። አዲስ ሂሳብ ከፍተው ደመወዝዎ በዚያ እንዲገባ ካደረጉ አራት መቶ ዶላር እንሰጥዎታለን ይላል። ልጄ በትከሻዬ በኩል አነበበችና፣ "አባ፣ ፍሪ መኒ እኮ ነው፣ ለምን አትወስደውም?" አለችኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። "ምን ሆንክ?" አለች። ምን እንደሆንኩ ያን ዕለት አልነገርኳትም፤ እዚህ ልጻፈው።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ልጅነቴን ደሴ መናኸሪያ ሎደር ሆኜ ጭነት ስጭን፣ ከዚያ ሱዳን ስንከራተት ጨርሼ ነው አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ የገባሁት። ትምህርት ቤት በበሩ አልፌ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ስትሪፑ፣ የቁማር ቤቶቹ ጎዳና፣ ላይ ካለ አንድ ሆቴል ቡፌ ጀርባ ሰሃን አጥብ ነበር። ሰው ሁለት ጊዜ ነክሶ የተወው የክራብ፣ የባሕር ሸርጣን፣ እግር በክምር እየመጣ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል፤ ሽታው ከሺፍት በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር አይለቀኝም። ሰው ለምን ራቅ ብሎ እንደሚቀመጥ አውቅ ነበር።

እንደኔ ፊደል ያልቆጠርን ብዙ ነበርን። ክፍል በየሦስት ወሩ ስለምንቀይር የሁላችንም ደብዳቤ የሚመጣው በጋሼ ጌታነህ አድራሻ ነው። አገር ቤት አስተማሪ የነበረ፣ ከሁላችን በፊት የመጣ፣ ቤት ያለው ሰው ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ዙሪያ እንሰለፋለን። ፖስታዎቹን ኮፈኑ ላይ ይደረድራል፣ መነጽሩን ያወርዳል፣ ያነብልናል። የእህቴንም ደብዳቤ፣ የአማርኛውን፣ እሱ ነው የሚያነብልኝ። ፈርም ካለን እንፈርማለን። አንድ ቀን አንዱ፣ "ጋሼ፣ ምን ይላል?" ቢለው፣ "አንተ ፈርም፣ የሞት ፍርድህ አይደለም" አለውና ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። መጠየቅ እሱን እንደ መጠራጠር፣ እንደ ብልግና ነበር የሚቆጠረው።

የባንኩን ነገር ያመጣው አብሮኝ የሚኖረው ከድር ነው፤ የወሎ ልጅ፣ የኤርፖርት ሻትል ሾፌር።

"ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ያለው ባንክ ሂሳብ ለከፈተ ሦስት መቶ ዶላር ይሰጣል። የኛ ልጅ ትሠራለች፣ እሷ ትከፍትልሃለች" አለኝ።

"ለምን ብለው ይሰጣሉ?"

"ገንዘብ ተርፏቸው። አንተ ሄደህ ተቀበል፣ ምክንያቱን እነሱ ይጨነቁበት።"

ማርታ የምትባለዋ ልጅ በትዕግስት አስረዳችኝ። ደመወዜ ሦስት ወር ሳይቋረጥ ከሆቴሉ በቀጥታ ሂሳቡ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቼክ ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ይመጣል። የጋሼን አድራሻ ሰጠኋት። ፊርማዬን፣ ሁለት ክብና አንድ ዱላ፣ አስቀመጥኩ።

ሦስቱ ወር አለፈ። አንድ እሁድ ጋሼ ፖስታዬን ከፍቶ ይዞት መጣ።

"አልተሳካም ልጄ። ደመወዝህ እነሱ በሚፈልጉት መንገድ አልገባም ይላሉ። በል እዚህ ጀርባው ላይ ፈርም፣ አቤቱታ ነው፤ እልክልሃለሁ።"

ፈረምኩ። ጎንበስ ብዬም አመሰገንኩት።

በማግሥቱ ቀጥታ ማርታ ዘንድ ሄድኩ። ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ "የአገርሽን ሰው ማታለል ነው የተማርሽው?" አልኳት። "ወንድሜ፣ ወጥቶልዎታል እኮ፣ እዚህ ይታየኛል" ስትል አላስጨረስኳትም። የማይጻፍ ስድብ ሰደብኳት። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

የካቲት ላይ ታክስ ላሠራ ወረቀቶቼን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ራሱ ነው በላስቲክ አስሮ የሰጠኝ፤ አንዷን ወረቀት ግን ልብ አላላትም። ታክስ የሚሠራው ሰውዬ ጣቱን አስቀመጠባት።

"ከባንክ ሦስት መቶ ዶላር አግኝተሃል።"

"አላገኘሁም።"

"ባንኩ ከፍያለሁ ብሎ ለመንግሥት አስታውቋል። ታክሱን ትከፍላለህ።"

ላልበላሁት ገንዘብ ታክስ ከፈልኩ። ከዚያ አንገቴን ደፍቼ ወደ ማርታ ተመለስኩ። ወረቀቱን ስዘረጋላት አልነካችውም።

"መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቁኝ። እዚያው የሰደቡኝ ቦታ ላይ ቆመው" አለች።

ቆሜ ጠየቅኋት። የደብዳቤውንና የተመነዘረውን ቼክ ቅጂ አወጣችልኝ። ቼኩ ጀርባ ላይ ሁለት ክብና አንድ ዱላ አለ፤ ከሥሩ የጋሼ ጌታነህ ያማረ ፊርማ። ለካ የፈረምኩት አቤቱታ ሳይሆን ገንዘቡ ለእሱ እንዲከፈል ነው።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ያቃጠለኝ ገንዘቡ አይደለም። የእህቴ አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ናቸው። ስልክ አልነበራትም። እናታችን ደህና ናት ያለችው ደህና ስለሆነች ነው? ወይስ እሱ ነው ደህና ያደረጋት? ከድር ላንብብልህ ቢለኝ፣ "አንተስ ማን ነህ?" አልኩት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ። ሲታረቀኝ፣ "አታንብብልኝ፣ ፊደል አስቆጥረኝ" አልኩት። አስቆጠረኝ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት በሚሰጥ የአዋቂዎች ትምህርት ጀመርኩ። ሠላሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ እንደ ሕፃን እርሳስ ስልስ የነበረኝ ንዴት ዛሬም አልበረደም።

የእህቴን ደብዳቤዎች ራሴ ሳነብ፣ ጋሼ ሁሉንም ልክ ነበር ያነበበልኝ። አንድ ቃል አልጨመረ፣ አልቀነሰ። ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ማመን እንዳለብኝ ያስተማረኝ በእነዚያ ነዋ።

ቼኩ በተገኘበት ዓመት፣ ገና ፊደል ስቆጥር፣ ሽማግሌዎች ጋሼ ቤት ሰብስበውን ነበር። "ተቸግሬ ነበር፣ ልመልስለት አስቤ ነው" አለ ጋሼ። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ "ገንዘብህን ይመልስልሃል። አንተም ተነስና ጉልበቱን ሳም። ይህን ትልቅ ሰው አዋርደህ ምን ታገኛለህ?" አሉኝ። የተሰረቅኩት እኔ፣ ጉልበት ሳሚውም እኔ።

"ገንዘቡን ይመልሱ። የባንኩን ደብዳቤም ኮፈንዎ ላይ፣ እሁድ፣ ሰው ፊት፣ እንደተጻፈው ያንብቡልኝ። ሌላ አልፈልግም" አልኩት።

ገንዘቡን በሦስት ወር ከፍሎ ጨረሰ። ማንበቡን ግን እምቢ አለ። "የትናንት ሎደር አያዛኝም" ብሏል አሉ። እኔም ዝም አላልኩም፤ የቼኩን ቅጂ ኪሴ ይዤ ለጠየቀኝ ሁሉ አሳየሁ። ሰው ፖስታውን ለሌላ ማስነበብ ጀመረ። ከዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ ኮፈኑ ላይ አንድም ፖስታ የሌለበት እሁድ ወደ ቆምኩበት መጣና እጁን ዘረጋ። "አምጣው" አለኝ።

ብረቱ እጅ ያቃጥላል፤ ካርቶን አነጠፈበት። እንግሊዝኛውን ያነባል፣ ከዚያ በአማርኛ ይለዋል። እኔ አጠገቡ ቆሜ በጣቴ እከተላለሁ። ሰዉ ከበበን። እንኳን ደስ አለዎት የሚለውን አነበበ። ሦስት መቶ ዶላሩን አነበበ። ከዚያ አንድ መስመር ዘለለ። ጣቴን እዚያ ላይ አቆምኩ፣ አላነሳሁም። ጣቴን አየው። ተመልሶ አነበበው፤ "ቼኩ በስምዎ የተጻፈና የእርስዎ ብቻ ነው" ይላል። መነጽሩን አውልቆ መኪናው ውስጥ ገባ።

ከሞተ ቆይቷል። ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ አላለቀስኩም። ይቅር ብለኸዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። እኔ እንጃ። አሁንም የፈለገ ሰው፣ ማርታም ትሁን ልጄ፣ ወረቀት ቢሰጠኝ ከላይ እስከ ታች ሳላነብ አልፈርምም፤ ሰው ቢቆጣ ይቆጣ። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ ያለቀው ገንዘቡ የተመለሰ ዕለት ነው ይላሉ። ለእኔ ያለቀው ያቺን መስመር ያነበበ ዕለት ነው፤ እሁድ፣ ሰኔ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.።