ለአባቴ የመጣውን መጠጣት

ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁበት ክረምት አባቴ የሳንባ ምች ይዞት ሶዶ ሆስፒታል ተኛ። ትኩሳቱ ሲበርድለት ሐሳቡ ተዛባ። እኔን በሟች እናቱ ስም እየጠራ ከብቶቹ ገብተው እንደሆነ ይጠይቀኝ ጀመር።

የደም ምርመራው ሲደርስ ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። «በደሙ ውስጥ ያለው ጨው በጣም ወርዷል። ሰውነቱ ውሃውን ይዞ አላስወጣም ብሏል፤ ከዚህ በላይ ከጠጣ ራሱን ሊስት ይችላል» አለኝና ለቀኑ የተፈቀደለትን ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ለክቶ ሰጠኝ።

«ጨው ካነሰውማ ሾርባው ላይ ጨምሩለታ» አለች የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከሻንቶ በሚኒባስ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ እንደመጣች።

በእኛ ዘንድ ጠያቂ ያመጣውን ለታማሚው በእጁ ሳያቀምስ አይሄድም። ታላቅን እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ «ለእሱ እኔ ልጠጣለት» አልኩና ኩባያውን ተቀብዬ ጨለጥኩት። የእናቴ የአንድ ለአምስት ቡድን ሴቶች ወተት ይዘው መጡ፤ እሱንም ጠጣሁ።

«የታመመው አባትሽ፣ የምትጠግቢው አንቺ» ብለው ሳቁብኝ።

ችግሩ ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ መሆኑ ነበር። በሄድኩ ቁጥር ኩባያ የአባቴ ከንፈር ላይ ሲደርስ ይታየኛል። እጄን በቅጡ ሳልታጠብ በጭቃው ላይ እየሮጥኩ እመለሳለሁ፣ ጠርሙሱን አያለሁ፣ ፊቱን አያለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ወዲያው እነሳለሁ።

ማምሻውን ስመለስ አክስቴ ራሱን በክንዷ ደግፋ «በሞቴ» ትለዋለች። ጠምቶት ስለነበር አፉን ከፍቷል። ኩባያውን ከእጇ ነጠቅኩት፤ አጥሚቱ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«አይጠጣም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጥቶ በየአልጋው ያሉት ሁሉ ዞሩ።

«ተምራ መጥታ ወንድሜን ውሃ ከለከለችው» አለች ለክፍሉ ሁሉ፣ ፔርሙሷን አንስታ እየወጣች።

እሷ ኮሪደሩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ አደረች። እኔ በአልጋውና በበሩ መካከል ስመላለስ ነጋ። ጠዋት አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝና በራሴ ስም ጠራኝ።

«እህቴ መጥታ አልነበር? የት ሄደች?» አለ።

ሮጬ ጠራኋት። አልጋው አጠገብ ቆማ የጠየቃትን ሁሉ መለሰችለት፤ ስለ ከብቶቹ ግን አልጠየቃትም። ከዚያ ያደረውን አጥሚት በኩባያ ቀዳች። እሱ እጁን ሲዘረጋ በአጠገቡ አሳልፋ ለእኔ ሰጠችኝ።

«እንኪ፣ ጠጪለት» አለች።