«ዶክተር» ሲሉኝ አቤት ያልኩበት መጋዘን

ሞኝነቴን ላስቀድም። ዳንግላ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስሸጥ ሰዉ «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም አቤት እላለሁ። ደስ ይላላ! ትምህርቴ የአንድ ዓመት ኮርስ ነው፤ ቦርጬ ግን የስፔሻሊስት ነው።

አንድ ቀን ከሱቅ አስረው ወስደው እንጅባራ፣ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ አስገቡኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጭጋጉ በቆርቆሮው ሽንቁር ይገባል። ሰዉ ተጣብቆ ስለሚተኛ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። የሚያውቀኝ እስረኛ «ዶክተር መጣልን!» አለ። ዝም ማለት ስችል እጄን አንስቼ ሰላምታ ሰጠሁ።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እከክ ያጋቡብናል ብሎ ሁሉም ርቋቸዋል። ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ጭናቸውና ዳሌያቸው ቀልቷል፣ ቅርፊት አውጥቷል።

«ኮርቻ የላጠኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ጤና ጣቢያ ግን የገዛ ሰውነትህ ነው ቆዳህን የሚዋጋው አሉኝ። አራት ዓመት ቅባት ተቀባሁ። አሁን ደግሞ ብብቴ ሥር እብጠት ወጣ። ምንድን ነው ዶክተር?»

«ያው እሱ ነው አባቴ። አይጋባም፣ አይገድልም።»

አይጋባም ያልኩት እንኳ እውነት ነበር። ሰዎቹ ተጠጓቸው፣ አብረዋቸው በሉ። እኔም ኮራሁ።

ወር ሞላ። እብጠቱ ፈረጠ፣ ሸተተ። ሆስፒታል ውሰዱኝ ባሉ ቁጥር ጠባቂው «ዶክተራችሁ አይገድልም ብሎ የለም እንዴ?» ይላቸዋል።

አንድ ጠዋት ቆጠራ ላይ ኃላፊው ሲመጣ እጄን አወጣሁ።

«ምን ፈለግህ ዶክተር?»

«ዶክተር አይደለሁም ጌታዬ። ቅባት ሻጭ ነኝ። የእሳቸውን በሽታ አላውቀውም፤ ዝም ብዬ ነው የቀባጠርኩት። እባክዎ ሐኪም ያሳዩዋቸው።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቅ እንደዚያ ቀን ተሳክቶልኝ አያውቅም። ሽማግሌው ብቻ አልሳቁም። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሊወስዷቸው ሲጠሯቸው ደግፌ እስከ በሩ አደረስኳቸው።

ባሕር ዳር ከቆዳቸው ቁራጭ ተወስዶ ተመረመረ። ከመጀመሪያውም የቆዳ ካንሰር ነበር፤ እሱም ተሰራጭቷል። እኔ ሳልፈታ አረፉ።

አሁን ሱቅ ተመልሻለሁ። ቆዳውን ገልጦ የሚያሳየኝ ሲመጣ፣ ቅባቱን ሳላወርድ ሐኪም ጋ ሂድ እላለሁ። ይሄ እንደ ጽድቅ አይቆጠርልኝም።

እንደተፈታሁ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ለባለቤታቸው አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ማፈርህ ላይቀር፣ ምነው ልጄ በወር ብታስቀድመው?» አሉኝ።