የውሻዬ ቀይ ሪባን

ያንን ቀይ ሪባን ውሻዬ አንገት ላይ ያሰረው ባለቤቴ ነው። እኔ ሞኟ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁት። «እዩት፣ እኔ በሌለሁበት ወስዶ አስከተበልኝ» እያልኩ አፌን ሞልቼ አወራሁለት። ባል ማለት እንዲህ ነው አልኩ። ዛሬ ከውሻው ሞት እኩል የሚያንገበግበኝ ያ ወሬዬ ነው።

ሶዶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ውሻ መውደዴ ያስቀዋል። በእኛ ሰፈር ውሻ የግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ትርፍራፊ ይጣልለታል፣ ሲታመም ወይ ይድናል ወይ ይሞታል። እኔ ግን የታመመ እንስሳ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ከጀርባዬ «የውሻ ዶክተር» እያሉ እንደሚሳሳቁ አውቃለሁ። ይሳቁ። ውሻው ቂጡን መሬት ላይ ሲጎትት ያየ ሰው መጥቶ የሚጠይቀው እኔኑ ነው። የሆድ ትል ነው፣ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ክኒን ግዛ፣ ክብደቱን ሳትነግራቸው እንዳትወስድ እለዋለሁ። ጆሮውን እያከከ ራሱን የሚያራግፍ ከሆነ፣ ጆሮው ውስጥ መዥገር ፈልግ እለዋለሁ። እከክ ለያዘው ውሻ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሚቀባው ጋር ግን ስንቴ ተጣላሁ። ቆዳውን ይልጠዋል፣ ሲልሰው ደግሞ ይመርዘዋል ብል ማን ይሰማኛል። «አንቺ ደግሞ አበዛሽው» ብለው ይቀቡታል።

የእኔው ቡናማ ነበር፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት። ቡችላ እያለ ከቦዲቲ በሚኒባስ ነው ያመጣሁት፤ ረዳቱ ጭኔ ላይ ያለው ፎጣ ሲንቀሳቀስ አይቶ እስከ ሶዶ ድረስ ሲስቅብኝ መጣ። አንድ ጊዜ አጥንት መንጋጋው ላይ ተሰንቅሮበት አፉን መግጠም አቃተው፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ በመዳፉ ፊቱን ይቧጥጣል። ባለቤቴ በሁለት እጁ አንገቱን ያዘልኝ፣ እኔ እጄን ሰድጄ አጥንቱን ነቅዬ አወጣሁለት። ውሻው ወዲያው ጅራቱን ቆላ፣ እኛም ለሃጭ በለሃጭ እንደሆንን ተያይተን ሳቅን። ባለቤቴ ያን ቀን እንዴት አድርጎ አንገቱን እንደያዘልኝ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የውሻ ክትባት በሰፈራችን የታወጀው እኔ በዴሳ ሄጄ እናቴን ሳስታምም ነው። የተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ምልክት ይታሰርለታል፣ ምልክት ሳይኖረው ሲዞር የተገኘ ይወገዳል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ጎረቤቴ በስልክ ስትነግረኝ ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩ። «ሌላው ሥራ ሁሉ ይቅር፣ ቅዳሜ ራስህ ውሰደው፤ ትሉም እከኩም መድኃኒት አለው፣ የእብደት በሽታ ግን አንዴ ከያዘ መመለሻ የለውም» አልኩት። «እሺ፣ አንቺ እናትሽን ጠብቂ፣ አታስቢ» አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስደውል «ወስጄዋለሁ፣ አለቀ» አለ። እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትሰማ ነበርና «ጥሩ ባል አለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ቤቴ ስመለስ ውሻው አንገቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀይ ሪባን አስሮ ተቀበለኝ። የጎረቤቴ ውሻ ያሰረው ግን ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ የሌሎቹም ሰማያዊ ነው። ባለቤቴን ጠየቅሁት። «ሰማያዊው አለቀባቸው፤ ዘግይተን ለሄድነው ቀይ አሰሩልን» አለኝ። ሻዩን ፉት እያለ ነው እንዲህ ያለኝ፣ ድምፁ እንኳ ዝንፍ አላለም። እኔም አመንኩት። ለምን አላምነውም፣ ባሌ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ የሚዞር ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ ከእኛው ጋር ተናከሰና ትከሻው ላይ አቆሰለው። ቁስሉን በሳሙና አጥቤ ጠረግሁለት። «ደግነቱ ተከትቧል፣ ያለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር» አልኩ ለባለቤቴ። «እህ» አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ የውሻው ጠባይ ተለወጠ። ስጠራው አይመጣም፤ ከጓሮ እንሰቱ ሥር ጨለማ ፈልጎ ይተኛል። ድምፁ ጎረነነ። አንድ ጠዋት ታችኛው መንጋጋው ወርዶ፣ ለሃጩ መሬት ድረስ ሲዝረበረብ አገኘሁት። ውኃ ባቀርብለት አፉን ይነክራል እንጂ መዋጥ አቃተው። እንደዚያኛው ጊዜ አጥንት ነው አልኩ በልቤ። ሆኖም ለአንድ የማውቀው የእንስሳት ሐኪም ደወልኩለት። ለከብት ክትባት ገጠር ወጥቶ ስለነበር ድምፁ ይቆራረጣል፤ እንዲሰማን ስልኩን ላውድ ላይ አደረግሁት። ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል።

«ተከትቧል?» አለ ሐኪሙ፣ ገና ነግሬው ሳልጨርስ።

«ተከትቧል። ያስከተበው ባለቤቴ ነው፣ እዚሁ አለ።»

«ወንድሜ፣ እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ ዶክተር፣ ተከትቧል» አለ ባለቤቴ።

«እንግዲያው አጥንት ወይም ጥርስ ይሆናል። ያልተከተበ ቢሆን ኖሮ ማንም እንዳይጠጋው፣ ግቢውን ዝጉና ጠብቁኝ እላችሁ ነበር። ለማንኛውም ስመለስ መጥቼ አየዋለሁ» አለ ሐኪሙና መስመሩ ተቋረጠ።

ይህን እኔም ሰማሁ፣ ባለቤቴም ሰማ።

ውሻው ሲያቃስት አይቼ ሐኪሙን መጠበቅ አቃተኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት ቦይና ስልጥ፣ ጎደሬውን ማለቴ ነው፣ ቢላው አመልካች ጣቴን ቆርጦኝ በጨርቅ አስሬው ነበር። ምኑን አስቤው። ተንበረከክሁና «አንገቱን ያዝልኝ» አልኩት ባለቤቴን። «ከምይዘው ላብራልሽ፣ ውስጡ ይታይሽ» አለኝና የስልኩን ባትሪ አብርቶ የማእድ ቤቱ በር ላይ ቆመ። እጄን እስከ አንጓዬ አፉ ውስጥ ሰደድኩ። ምላሱን ወደ ጎን ገፋሁ፣ ጉሮሮውን ዳበስኩ፣ የጥርሱ ጫፍ ጣቴን እየፋቀኝ ፈለግሁ። አጥንት የለም። ለሃጩ ጣቴ ላይ ያሰርኩትን ጨርቅ አራሰው። «ጠጋ በል እንጂ፣ አይታየኝም» ስለው «ከዚህ ይሻላል» አለኝ። ከበሩ ንቅንቅ አላለም።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ በሞተር መጣ። ከግቢው በር ላይ ቆሞ ውሻውን አንዴ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፣ ወደ ውስጥም አልገባም።

«ቲቸር፣ እጅሽን አፉ ውስጥ አስገብተሻል?»

«አዎ፣ አጥንት መስሎኝ።»

«ያንን ቀይ ነገር ማን ነው ያሰረለት?»

«እናንተ ናችሁ እንጂ። ሰማያዊው አልቆባችሁ።»

ሐኪሙ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባለቤቴን አየ። «በክትባቱ ቀን እኔ ነበርኩ» አለ ቀስ ብሎ። «ጨርቁን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። ተርፎን ወደ ቢሮ መልሰናል። ቀይ የሚባል አላሰርንም።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይክዳል ብዬ ነበር፤ አልካደም። «ሰልፉ ረጅም ነበር» አለ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ውሻው እየጎተተ አስቸገረው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ኳስ ነበረ። ከመንገድ ተመለሰ። ሪባኑን ያገኘው ከእኔው መሳቢያ ነው፤ ለትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ገዝቼ ያስቀመጥኩትን ቆርጦ አሰረው። ያንን ነው እንግዲህ እኔ ለሰፈር ሳሳይ የከረምኩት።

ለመጮህ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም፤ ሐኪሙ «ቶሎ፣ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ እጠቢ፣ ደጋግመሽ እጠቢ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት» ይለኛል። ባለቤቴ ጀሪካኑን አንስቶ «እኔ ላፍስስልሽ» ብሎ ተጠጋኝ። አስቀምጠው አልኩት። በግራ እጄ ራሴ እያፈሰስኩ የተቆረጠ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ፈተግሁት። ውሻዬን ሐኪሙ እንዳይሠቃይ ብሎ እዚያው በመርፌ አሳረፈው። ቻው እንኳ አላልኩትም።

ባጃጅ ውስጥ ከባለቤቴ ጎን ተቀምጫለሁ። ሾፌሩ ይሰማናል፤ ይስማ አልኩ።

«ለምን በሩ ላይ ቆምክ?» አልኩት። «ባለፈው አንገቱን ይዘህልኝ ነበር። ዛሬ ለምን በር ላይ ቆምክ?»

ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ጠርጥረሃል አይደል?»

«ትንሽ» አለኝ።

«አንተ ጠርጥረህ ራቅህ። እኔ እጄን ስከት ግን አበራህልኝ። ምን ነበረበት አንድ ቃል ብትናገር?»

«ትቆጪኛለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ።

ቁጡ ነኝ፣ አልክድም። ባለቤቴም፣ ጎረቤቴም፣ ርዕሰ መምህራችንም ያውቁታል። ግን ቁጣዬ ማንን ገድሎ ያውቃል። ቢበዛ አንድ ሳምንት አኩርፌው፣ ውሻውን ራሴ ወስጄ አስከትቤው እመለስ ነበር። የእኔን ኩርፊያ ከእኔ ሞት አብልጦ ፈራው። ይህን ሳስብ እዚያው ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ መስተዋቱን ወደ ላይ መለሰው።

ነርሷ ክትባቱን ክንዴ ላይ ጀመረችልኝና በቀጠሮ እንድመለስ አዘዘችኝ። ባለቤቴንም ጠየቀችው። ውሻው ሰሞኑን እጁን ልሶታል፣ እጁ ደግሞ ተልጦ ነበር፤ እሱም አብሮ ይጀምር አለች። ጎን ለጎን ተቀምጠን ተወጋን። እያንዳንዱን ቀጠሮ ሳትዘነጉ ጨርሱ፣ መሐል ላይ ማቋረጥ የለም ብላ አስጠነቀቀችን።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው አንድ ብርጭቆ ውኃ መጠጣት ሆነ። ቀስ ብዬ እጎነጫለሁ፤ ጉሮሮዬ እንደሚውጥ እጠብቃለሁ፤ ሲወርድልኝ ተመስገን ብዬ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ያየኛል። ውኃውን ለምን እንደምጠጣ ያውቃል።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው «ሰው ነው፣ ተሳስቷል፣ ይቅር በይው» አሉኝ። ይቅር ብዬዋለሁ አልኩ፣ ጸለይን፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። እውነቴን ነው፣ ይቅር ብዬዋለሁ። ግን ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ሰው ለምን እንደሚተርተው ያወቅሁት አሁን ነው። ባለቤቴ «በሩን ቆልፌዋለሁ» ሲለኝ ተነስቼ እጀታውን እሞክራለሁ። «ለእናትሽ ደውዬላታለሁ» ሲለኝ መልሼ እደውልላታለሁ። እሷ ደግሞ ምንም አታውቅም፤ «ያ ጥሩ ባልሽ ደህና ነው?» ትለኛለች። ደህና ነው እላታለሁ።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን እኔ ጠዋት ከክፍል በፊት ተወግቼ ተመለስኩ። እሱ ከሥራ በኋላ እሄዳለሁ ብሎ ነበር። ቀኑ ሳይመሽ መጣ፤ ጫማውን እያወለቀ «ተወጋሁ፣ አለቀ» አለኝ።

ያኔ ቅዳሜ በስልክ ያለኝም «አለቀ» ነበር።

«አሳየኝ» አልኩት።

እየቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቴን ሲያየው ግን ፈገግታውን ተወው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ እኔ አዞረ። ጥጥ በፕላስተር ተለጥፎበታል። «ይኸው» አለ።

ጥጥ እኛም ቤት አለ። ፕላስተርም አለ፣ እዚያው ሪባኑ በነበረበት መሳቢያ ውስጥ። ተነስቼ ፕላስተሩን ከጠርዙ ያዝኩና ላጥኩት። እሱ ክንዱን አልሳበም። ከጥጡ ሥር አንዲት ቀላ ያለች ነጥብ አለች። ቢላው ቆርጦት በነበረው ጣቴ ጫን አደረግኋት። አመመውና ፊቱን አጨፈገገ። ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።